ቴሌግራም ለዝግጅት አዘጋጆች፦ ሰው አይጠራም፣ የተጠራውን ግን ይይዛል

አዲስ አበባ ውስጥ የመጽሐፍ ምርቃት፣ የሙዚቃ ምሽት፣ ባዛር ወይም ሥልጠና የሚያሰናዳ ሰው ገና አዳራሹን ሳይዝ የቴሌግራም ቻናል ይከፍታል። አይፈረድበትም። ቻናል መክፈት ነጻ ነው፣ የሰብስክራይበር ጣሪያ የለውም፣ ኔትወርክ ሲደክምም እየተንገታገተ ይሠራል፣ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት ድረስ ይቀበላል። ጥፋቱ የሚጀምረው ፖስተሩን ለጥፎ ሰው መጠበቅ ላይ ነው። ቴሌግራም ተመሳሳይ ቻናሎችን ከመጠቆም አልፎ ፖስታችሁን የማያውቃችሁ ሰው ፊት አያቀርብም። ቲክቶክ ጡሩምባ ነፊው ነው፣ ቴሌግራም ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ፤ ጡሩምባውን የሰማ ሰው መጥቶ ካልተመዘገበ ጸሐፊው የሚያደርገው ነገር የለም።

እዚህ የምንመዝነው ቴሌግራምን ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ከ50 እስከ 2,000 ሰው የሚጠራ ዝግጅትን ለማስተዋወቅ፣ ትኬቱን ለመሸጥ፣ በዕለቱም ሰዉን በር ድረስ ለማምጣት። ለዚህ ሥራ ዋና መሥሪያ ቤት ሆኖ ሲያገለግል ከሌሎቹ ሁሉ እናስቀድመዋለን። ብቻውን ይበቃል ለሚል ግን አንመክርም።

የማይታረመው ቅጂ

አዘጋጆችን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የቴሌግራም ጠባይ ይህ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እናንሳ። የቻናል ፖስት ከወጣ በኋላ በፈለጋችሁት ጊዜ ይታረማል። በግሩፕ ውስጥ የራስን መልእክት ለማረም ያለው ጊዜ 48 ሰዓት ስለሆነ፣ ቻናሉ በዚህ በኩል ይሻላል። ፎርዋርድ የተደረገ ፖስት ግን ራሱን የቻለ ቅጂ ነው። ዋናውን ብታርሙት ቅጂው አይታረምም፤ ዋናውን ብታጠፉትም ቅጂው በየግሩፑ ይኖራል።

አንድ የመጽሐፍ ምርቃት እናስብ። ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት በወመዘክር ይካሄዳል ተብሎ ተለጥፏል። ረቡዕ ዕለት ቦታው ይቀየራል። አዘጋጁ ዋናውን ፖስት ያርምና እፎይ ይላል። ሐሙስ ማታ በሰፈር ልጆች ግሩፕ፣ በመሥሪያ ቤት ግሩፕ፣ በዩኒቨርሲቲ ባች ግሩፕ የሚዞረው ግን አሮጌው ቅጂ ነው። ማስታወቂያው በደንብ በተሠራጨ ቁጥር የተሳሳተው ቅጂም ይበዛል። ስለዚህ ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ወመዘክር በር ላይ ቆሞ የሚደውለው ሰው የሠራው ጥፋት የለም።

መፍትሔው ከመጀመሪያው ፖስት ይጀምራል። ከታች አንድ መስመር ይጨመር፦ «ለውጥ ካለ እዚሁ ቻናል ላይ ፒን ይደረጋል።» ለውጥ ሲመጣ ማረም ብቻ አይበቃም። የዋናው ፖስት የመጀመሪያ መስመር ላይ «ቦታው ተቀይሯል» ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያ አዲስ ፖስተር ያለው አዲስ ፖስት ለአሮጌው እንደ መልስ ሆኖ ይወጣል፤ ከነድምፁ ተልኮም ፒን ይደረጋል፤ ቻናል ላይ ፒን ማድረግ ብቻውን ለአባላቱ ማሳወቂያ አይልክም። አዲሱ ፖስተር ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ቀለምና ፎቶ ከያዘ ግሩፕ ላይ የሚያየው ሰው «አይቼዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል፤ የጀርባው ቀለም መለወጥ አለበት። በአሮጌው ቦታ በር ላይ ደግሞ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት የያዘ ሰው ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ አንድ ሰዓት እስኪያልፍ ይቁም። ዲጂታል ማስታወቂያ ያበላሸውን የሚያቃናው ወረቀት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የፖስተሩ ጉዳይ ነው። ፎርዋርድ የሚያደርግ ሰው ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ ደብቆ መላክ ይችላል፤ ፎቶውን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፈውም ብዙ ነው። ስለዚህ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ዋጋና የቻናሉ ስም ሥዕሉ ራሱ ላይ መኖር አለባቸው። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ። «ቅዳሜ ጥር 16» ብቻ የተባለበት ፖስተር በሚቀጥለው ጥር እንደገና ብቅ ይላል፤ ሰው ደውሎ «ትኬት አለ?» ሲል ስለ የትኛው ዓመት እንደሚጠይቅ እንኳ አይታወቅም። ፖስተሩን ለኅትመት የሚፈልግ ስፖንሰር ካለ በፋይል መልክ ይላክለት፤ በፎቶ መልክ የሄደው ተጨምቆ ስለሚደርስ ባነር ላይ ሲታተም ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ።

አንዳንድ አዘጋጅ ደግሞ «ፖስተሬን እንዳይሰርቁብኝ» ብሎ የቻናሉን ይዘት ማስቀመጥና ማስተላለፍ የሚከለክለውን ማብሪያ ያበራል። ለማስታወቂያ ቻናል ከዚህ የባሰ ነገር የለም፤ ፎርዋርድ የማይደረግ ማስታወቂያ ለማን ነው?

ፖስቱ ራሱ

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው ማሳወቂያው ላይ የሚመጣውን የመጀመሪያ መስመር ነው። ያ መስመር «ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች እንደምን ሰነበታችሁ» ከሆነ ፖስቱ እዚያው አበቃለት። እንዲህ ቢጀምር ይሻላል፦

«ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የመጽሐፍ ምርቃት በወመዘክር። በር የሚከፈተው 7፡30 ነው። መግቢያ ነጻ፤ ወንበር ቀድሞ ለመጣ። መጽሐፉ በር ላይ ይሸጣል፤ በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ዝግጅቱ 11 ሰዓት ያበቃል።»

የሚያበቃበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ልጅ ያለው፣ ከከተማ ዳር የሚመጣ፣ ታክሲ የሚያስበው ሰው ግን የሚወስነው እሱን አይቶ ነው። የሚከፈልበት ፕሪሚየም በሌለው አካውንት ከፎቶ ሥር የሚገባው ጽሑፍ 1,024 ፊደል ነው፤ በአማርኛ ወደ 200 ቃል ገደማ ማለት ነው። ፎቶ የሌለው ጽሑፍ 4,096 ፊደል ይይዛል። የእንግዶቹ የሕይወት ታሪክ በ1,024 አይገባምና አንዱን እንግዳ በአንድ ፖስት፣ በተለያየ ቀን ማውጣት ይሻላል። እግረ መንገዱን ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ይዘት ይሆናል።

ፖስት በቀጠሮ ማውጣት ከቴሌግራም ምርጥ ነገሮች አንዱ ነው። የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ መያዝና ቀንና ሰዓት መምረጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ቢጠፋም ፖስቱ በሰዓቱ ይወጣል። በአንድ ቻናል እስከ 100 ፖስት ድረስ ማሰለፍ ይቻላል። የሚበላሸው በሰዓት አቆጣጠር ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት ይውጣ» የተባለ ሠራተኛ ስልኩ ላይ 8 ከመረጠ፣ ፖስቱ ወይ ጠዋት 2 ሰዓት ወይ ማታ 2 ሰዓት ይወጣል። የአድሚኑ ስልክ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ ይሁን፤ በቀኑ ሰዓት ላይ 6 ይደመርበት። ከቀኑ 8 ሰዓት 14፡00 ነው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 9፡00።

ብዛቱስ? እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ በሳምንት ሁለት ፖስት፣ በመጨረሻው ሳምንት በቀን አንድ፣ በዋዜማው አንድ፣ በዕለቱ ሁለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ቻናሉን አይለቅም፤ ድምፁን ነው የሚያጠፋው። ይህ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቁጥሩ እንዳለ ይቆያል፣ ሰሚ ግን የለም። ማታ ዘግይቶ የሚወጣ ፖስት ያለ ድምፅ እንዲላክ አድርጉ፤ ከመላኪያው ምልክት ሥር እዚያው አለ።

ቀኑን ስትቆርጡ ከማስታወቂያው በፊት የሀገሩን አቆጣጠር ተመልከቱ። በጥርና በሚያዝያ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ይበዛል። በዐቢይ ጾም የሙዚቃ ምሽት ማድረግ ከባድ ነው፤ በረመዳን የማታ ሰዓት ከአፍጥር ጋር ይጋጫል። መስቀል አደባባይ ላይ ትልቅ ጉባኤ ወይም ሩጫ ባለበት እሑድ መንገዱ ስለሚዘጋ፣ በዚያ ዙሪያ ያለ አዳራሽ ለጠዋት ዝግጅት አይሆንም። ቀኑ ከተሳሳተ የትኛውም ፖስት አያድነውም።

ሰው ከየት ይመጣል

ከቲክቶክ፣ በዋናነት። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ የሚሆን በቁም የተቀረጸ ቪዲዮ፣ እንግዳው ራሱ ፊቱን አሳይቶ ቀኑንና ቦታውን የሚናገርበት፣ በሞንታዥ ካሸበረቀው የተሻለ ይሠራል። ጽሑፍ ስታስገቡ የታችኛውንና የቀኝ ዳሩን ልቀቁ፤ የመተግበሪያው ምልክቶችና ካፕሽኑ እዚያ ስለሚያርፉ ሰዓቱ ወይም ስልክ ቁጥሩ ይሸፈናል። ካፕሽን ላይ የተጻፈ ሊንክ አይጫንም፤ ባዮ ላይ ሊንክ ለማስገባት ደግሞ የግል አካውንት 1,000 ተከታይ ይጠየቃል። ስለዚህ ሰው ቻናላችሁን በጆሮው ሰምቶ ወይም ከስክሪኑ አንብቦ ራሱ መፈለግ አለበት። የቻናሉ መለያ ስም የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው።

መለያ ስሙ ከ5 ፊደል ያላነሰ ሆኖ በላቲን ፊደል፣ በአኃዝና በአንደርስኮር ብቻ ይጻፋል፤ በግዕዝ ፊደል አይቻልም። የአማርኛ ስም በላቲን ሲጻፍ እንደየሰዉ ይለያያል፦ አንዱ አናባቢውን ይደግመዋል፣ ሌላው ይተወዋል፣ «ጥ»ን በአንድ ፊደል የሚጽፍም አለ፣ በሁለት የሚጽፍም አለ። አጭር፣ አንደርስኮርና ቁጥር የሌለበት፣ በስልክ ሲነገር የሚጻፍ ስም ምረጡ። አንድ ነጻ አካውንት እስከ 10 የሕዝብ መለያ ስም መያዝ ስለሚችል፣ ሰው ሊሳሳትባቸው የሚችሉትን ሁለት ሦስት አጻጻፎችም ያዙና እያንዳንዱ ላይ ወደ ዋናው ቻናል የሚመራ አንድ ፖስት አስቀምጡ። ይህ አስመሳዮችንም ቀድሞ ይዘጋል። ዝግጅቱ ከተዋወቀ በኋላ መለያ ስሙን መቀየር ግን አይታሰብ፤ በታተመው ወረቀት ላይ በመለያ ስሙ የተሠራ ሊንክም ኪውአር ኮድም ወደ ባዶ ይመራል።

ፌስቡክ አሁንም ለቤተሰብ፣ ለመሥሪያ ቤትና ዕድሜው ከፍ ላለ ታዳሚ ጠቃሚ ነው። የኢቨንት ገጹ ጥሩ ጎኑ ሰዓቱን ለተመልካቹ በሚኖርበት ሀገር አቆጣጠር ማሳየቱና ቀኑ ሲደርስ ማስታወሱ ነው። «ፍላጎት አለኝ» የሚለውን ቁጥር ይዞ ወንበር የሚከራይ አዘጋጅ ግን ይከስራል። የሚከፈልበት ማስታወቂያ ካሰባችሁ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው፤ በወኪል የምታስከፍሉ ከሆነ ወኪሉን የገጹ ሙሉ አድሚን አታድርጉት፣ ማስታወቂያ የመሥራት ፈቃድ ብቻ ስጡት። ክልሉን ስትመርጡም መላውን ሀገር ሳይሆን ከተማውን ምረጡ፤ ለአዲስ አበባ ዝግጅት ጎንደር ላይ ብር ማፍሰስ ጥቅም የለውም።

ሦስተኛው መንገድ በትልልቅ የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ማስታወቂያ መግዛት ነው። ድርድሩ ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ላይ ነው፦ ፖስቱ ሌላ ሳይደረብበት ለስንት ሰዓት ከላይ ይቆያል፣ ሳይጠፋስ ለስንት ሰዓት ይኖራል። ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን 20 ፖስቶች ተመልከቱ። 100,000 ሰብስክራይበር አለኝ የሚል ቻናል ፖስቶቹ 900 ዕይታ ላይ የሚቆሙ ከሆነ የምትገዙት 900ውን ነው። ሁሉም ፖስት፣ አሰልቺውም አስደሳቹም፣ እኩል ዕይታ ካለው ደግሞ ዕይታው የተገዛ ሳይሆን አይቀርም። ዕይታ ፎርዋርድ በተደረጉ ቅጂዎች ላይ ያለውንም እንደሚደምር አትርሱ፤ የዓይን ምልክቱ ያየውን እንጂ የሚመጣውን አይቆጥርም።

ማን እንዳመጣ ለማወቅ ቴሌግራም በነጻ የሚሰጠው መሣሪያ አለ፤ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። በቻናሉ ቅንብር ውስጥ የመጋበዣ ሊንኮች የሚለው ጋ ገብታችሁ ለየመንገዱ የተለያየ ሊንክ ፍጠሩና ስም ስጡት፦ አንዱ ለቲክቶክ ባዮ፣ አንዱ ለፌስቡክ፣ አንዱ ለተከፈለበት ቻናል፣ አንዱ ለታተመው ወረቀት። በእያንዳንዱ ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ እዚያው ይታያል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው ወጪ እንደሚቀጥል ለመወሰን ክርክር አያስፈልግም። የወረቀቱ ኪውአር ኮድ በዚሁ ሊንክ ይሠራ፤ በእጅ ለሚያዝ ወረቀት 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል፣ ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ከሚታይበት ርቀት አንድ አሥረኛ ያህል ይሁን። ሊንኩን የሚያጠፋ አድሚን ኪውአሩንም እንዳጠፋው ይወቅ።

ትኬትና ብር

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ትኬት በስልክ መሸጥ ቀላል ሆኗል፤ የሐሰት ደረሰኝም አብሮ ቀልሏል። የስክሪን ፎቶ ማረጋገጫ አይደለም። ፎርዋርድ የተደረገ የኤስኤምኤስ ጽሑፍም አይደለም፤ ሁለቱም በደቂቃ ይሠራሉ። ማረጋገጫው በራሳችሁ የቴሌብር ወይም የባንክ ዝርዝር ውስጥ የሚታየው የግብይት ቁጥር ነው። ገዢው ቁጥሩን በጽሑፍ ኮፒ አድርጎ ይላክ፤ ፊደልና አኃዝ ስለሚቀላቀልበት ከፎቶ ላይ እያዩ ሲገለብጡት ዜሮና «ኦ» ይምታታሉ። ቁጥሮቹ በአንድ የተመን ሉህ ዓምድ ውስጥ ገብተው የተደገመ ቁጥር ቀለሙ እንዲለወጥ ይደረግ። አንድ እውነተኛ ደረሰኝ ለአራት ጓደኛ ተልኮ አራት ትኬት የሚጠየቅበት አጋጣሚ ከሐሰተኛው ደረሰኝ ይበዛል። እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ መግቢያዎች ይህን ሁሉ ራሳቸው ያጣራሉ፤ በምትኩ ከእያንዳንዱ ክፍያ ኮሚሽን ይወስዳሉ። ከ300 ትኬት በላይ ከሆነ ኮሚሽኑ ሌሊቱን ደረሰኝ ሲያመሳክር ከሚያድር ሠራተኛ ይረክሳል።

ለ100 ሰው ዝግጅት የጉግል ፎርም በቂ ነው። ከዚያ ሲበልጥ ቦት፣ ማለትም ቴሌግራም ውስጥ በራሱ መልእክት የሚቀበልና የሚመልስ ፕሮግራም፣ ይረዳል። ቦት የቴሌግራም በሆነው የቦት መፍጠሪያ፣ በቦትፋዘር፣ በኩል በደቂቃ ይፈጠራል፤ ትኬት የሚቆጥር እንዲሆን ግን ፕሮግራመር ይፈልጋል። ቦት ስታርት ላልተጫነው ሰው ቀድሞ መጻፍ አይችልም። ይህ ክልከላ ለአዘጋጁ ጥቅምም አለው፦ ስታርት የተጫነ ሁሉ ከዋዜማው ጀምሮ ማስታወሻ ሊደርሰው የሚችል ሰው ነው። «ነገ ትመጣለህ?» የሚል ጥያቄ ከሁለት አማራጭ ጋር ይላክለት፤ አልመጣም ያለው ወንበር ለተጠባባቂ ይሰጣል። በጅምላ ሲላክ በሰከንድ ወደ 30 መልእክት ገደማ ወሰን ስላለ፣ ኮዱ እየቆጠበ ካልላከ ግማሹ መልእክት ሳይደርስ ይቀራል።

ለአስተያየት ከቻናሉ ጋር ግሩፕ ማያያዝ ጥሩ ነው፤ የሚመልስ ሰው ካለ ብቻ። «ፓርኪንግ አለ?» የሚል ጥያቄ ሁለት ቀን ሳይመለስ የታየበት ፖስት ከባዶው ይከፋል። ግሩፑ ላይ አባላት ሊንክና ሚዲያ እንዳይልኩ ይዘጋ፤ በሁለት መልእክት መካከል የ30 ሰከንድ መጠበቂያ ይደረግ። እዚህ ጋ የሚመጣው ትልቁ አደጋ አስመሳይ ነው። የአዘጋጁን ፎቶና ስም የለጠፈ አካውንት አስተያየት የሰጠውን ሰው በውስጥ መስመር ያገኘውና «ትኬቱ ሊያልቅ ነው፣ በዚህ ቁጥር ላክ» ይለዋል። ፒን የተደረገው ፖስት ላይ የሒሳብ ስሙ ሙሉ በሙሉ ይጻፍና «በውስጥ መስመር ቀድመን አንጽፍም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጨመር። ክፍያ የሚቀበለው ስም የዝግጅቱ ካልሆነና የግለሰብ ከሆነ፣ ያንንም በግልጽ መናገር ጥርጣሬን ይቀንሳል።

ዕለቱ

ጠዋት የሚወጣው ፖስት ካርታ ነው። የአዳራሹን ቦታ በቴሌግራም የቦታ መላኪያ ላኩ፤ ምልክቱን ሕንፃው መሐል ሳይሆን መግቢያው በር ላይ አሳርፉት። ከሥሩ ለራይድ ወይም ለፈረስ ሾፌር የሚነገረው ምልክት ይጻፍ፦ የትኛው ድልድይ፣ የትኛው ነዳጅ ማደያ ፊት ለፊት፣ በየት በኩል እንደሚታጠፍ። ሁለተኛው ፖስት ዝግጅቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይወጣል፤ በሩ መከፈቱን የሚያሳይ በዚያው ቅጽበት የተነሣ ፎቶ ይኑረው። ሰው የሚነሣው ሌላው መድረሱን ሲያይ ነው።

አስተናጋጆች የራሳቸው ዝግ ግሩፕ ይኑራቸው። እንግዳ የሚያመጣው ሾፌር ለ1 ሰዓት ቀጥታ ቦታውን ቢያጋራ «የት ደረሳችሁ» የሚለው ስልክ ይቀራል። ትኬት በሁለት በር የሚቃኝ ከሆነ ሁለቱ ስልኮች በአንድ መዝገብ ላይ በቀጥታ መገናኘት አለባቸው፤ አለዚያ አንዱ በር ላይ ያለፈ ኪውአር በሌላው በርም ያልፋል። አዳራሹ ሲሞላ በመቶ የሚቆጠር ስልክ አንድ አንቴና ስለሚጫን ኔትወርኩ የሚደክመው ልክ ሰልፉ በበዛበት ሰዓት ነው። ሁለት በር ከሚሆን አንድ ይሁን፤ የስም ዝርዝሩም በፊደል ተራ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ።

በቻናሉ የቀጥታ ሥርጭት ማድረግ ይቻላል፤ የተመልካች ወሰን የለውም፣ ከኮምፒውተር ሥርጭት ከሚያስተላልፈው ፕሮግራም ከኦቢኤስ ጋርም ይገናኛል። በስልክ ካሜራ ብቻ የሚደረገው ግን አይመከርም፤ ሥዕሉ ቢታይም የአዳራሹ ገደል ማሚቶ ንግግሩን ይውጠዋል። ድምፁ ከሚክሰሩ በኬብል ይወሰድ። ለ720 ፒ ሥዕል 2.5 ሜጋ ቢት በሰከንድ ስለሚላክ፣ ወደ ላይ የሚጭን ቋሚ 4 ሜጋ ቢት ያለው የኬብል ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ የሞባይል ዳታውን ለመጠባበቂያ አቆዩት። ዝግጅቱ ሙዚቃ ካለበት ፌስቡክ ላይ በቀጥታ ማስተላለፍ አደጋ አለው፤ የቅጂ መብት ያለው ዘፈን ሲሰማ ድምፁ ሊዘጋ ወይም ሥርጭቱ ሊቋረጥ ይችላል።

መጥፎውን ቀንም ማሰብ ግድ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው ቆይተዋል፤ ሰው የሚገባው በቪፒኤን ነበር። ቻናል ብቻ የነበረው አዘጋጅ ታዳሚውን የሚያገኝበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ትኬት ሲሸጥ ስልክ ቁጥር ይያዝ፤ ኤስኤምኤስ ያለ ኢንተርኔት ይደርሳል። አንድ የአማርኛ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ስለሚይዝና ከዚያ ያለፈው እንደ ሁለት ስለሚቆጠር፣ ጽሑፉ «ቅዳሜ 8 ሰዓት፣ አዲሱ ቦታ» የሚል ዓይነት አጭር ይሁን። የሰው ቁጥር መሰብሰብ ኃላፊነት አለው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለና ዝርዝሩን ለስፖንሰር ማስተላለፍ ባለቤቶቹ ያልፈቀዱት ነገር ነው።

ታዳሚው ውጭ ሀገር ከሆነ ሚዛኑ ይለወጣል። እስራኤልና ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያለው ወገን ይበልጥ የሚሰማው በዋትሳፕ ነው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ትኬቱ በኢቨንትብራይት ይሸጣል፣ ወሬው በፌስቡክ ይዞራል። እዚያ ቴሌግራም የቀጥታ ሥርጭቱ ማሳያ ቢሆን ይበቃዋል። ፖስተሩ ላይ ግን ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፦ ጥር 16 እና ጃንዋሪ 24፣ የአዲስ አበባ 8 ሰዓትና የዋሽንግተን ጠዋት 6 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር። «8 ሰዓት» ብቻ ተብሎ የተለጠፈው ፖስተር በየሀገሩ በተለያየ ሰዓት ሰው ያስቀምጣል።

ከዝግጅቱ በኋላ ፎቶዎቹ በዚያው ማታ ይውጡ፤ አንድ አልበም 10 ፎቶ ስለሚይዝ የተመረጡ 10 ብቻ። ፕሪሚየም መግዛት ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ ረዘም ያለ ካፕሽንና 4 ጊጋ ባይት ፋይል ለአብዛኛው አዘጋጅ ትርፍ ነው። ለሚቀጥለው ዝግጅት አዲስ ቻናል አይከፈት፤ የነበረው ላይ የሚታየው ስምና ፎቶ ይቀየርና መለያ ስሙ ይቆይ። ቻናሉ በአንድ ወጣት ሠራተኛ የግል ስልክ ላይ የተከፈተ ከሆነ ባለቤትነቱን ወደ ድርጅቱ ቁጥር አዛውሩት፤ ልጁ ከሥራ ከመልቀቁ ቀደም ብላችሁ። ቴሌግራም ለዝውውሩ ባለቤቱ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል ካበራ ቢያንስ 7 ቀን እንዲሆነው፣ በዚያ ስልክ ከገባም 24 ሰዓት እንዲያልፈው ስለሚጠይቅ፣ በስንብቱ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።